ሦስት ቅዳሜ በደሴ፦ ቤተሰብ ስለ ዘር የሚነጋገርበት የምክር ክፍል

ደሴ ላይ ከፒያሳ ወደ ሰኞ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ልብስ ስፌት ቤት በላይ ባለው ፎቅ፣ በሩ ላይ «የቤተሰብ ምክር» ከሚል ጽሑፍ በቀር ሌላ መጠሪያ የሌለው ክፍል አለ። ባለፈው ክረምት ከባለቤቴ፣ ከልጄና ከአሜሪካ ለእረፍት ከመጣችው የእኅቴ ልጅ ጋር ሦስት ቅዳሜ ሄደንበታል፤ በመጨረሻው ቅዳሜ አማቴም አብረውን ነበሩ። የተካፈልንበት መርሐ ግብር ወላጆችና ልጆች ስለ ዘር፣ ስለ ብሔርና ስለ ማንነት ፊት ለፊት እንዲነጋገሩ የሚያግዝ ነው። ለመላው ቤተሰብና ለሦስቱም ቅዳሜ 1,500 ብር ከፍለናል፤ ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦች ግን የቻሉትን ብቻ እንደሚከፍሉ አማካሪዋ ነግራናለች። የአገልግሎቱን መልካም ጎንም ጉድለቱንም ዘርዝሬ የምጽፈው እንዲህ ያለ ነገር በከተማችን መኖሩን ብዙ ወላጅ ስለማያውቅ፣ እኛም አውቀን ቢሆን ኖሮ ከአራት ዓመት በፊት ልንሄድበት ይገባን ስለነበር ነው።

ወደዚያ ያደረሰን አንድ ቅጽ ነው። ልጄ 18 ዓመት ሲሞላው የቀበሌ መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ ቅጹን ሳያስገባ ይዞት ተመለሰ። ስሙን፣ የትውልድ ዘመኑን፣ የደም ዓይነቱን፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራውን ሰው ሁሉ አጥርቶ ሞልቶ «ብሔር» የሚለውን መስመር ብቻ ባዶ ትቶታል። ለፋይዳ ሲመዘገብ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስላልነበረ ከዚያ በፊት ነገሩ አላጋጠመውም ነበር። አባቱ እራት እየበላ «የእኔን ጻፍ» አለው። ልጁም «ያንተ የቱ ነው፣ የወረኢሉው ነው ወይስ የባቲው?» ብሎ ጠየቀ። የባለቤቴ አባት ወረኢሉ ተወልደው ያደጉ፣ በአማርኛ አፋቸውን የፈቱ ሰው ነበሩ፤ እናቱ ደግሞ የባቲ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬም ዱዓ ሲያደርጉ፣ ሲቆጡና ሕፃን ሲያባብሉ በኦሮምኛ ነው። ባለቤቴ ለጥያቄው የሰጠው መልስ ሁላችንም ስንሰጠው የኖርነውን ነው፦ «እኛ ወሎዬ ነን፤ ወሎ ዘር አይቆጥርም።» ልጁ ቅጹን አጥፎ ከቴሌቪዥኑ ጎን አስቀመጠው፤ ቅጹም ሁለት ሳምንት እዚያው ከረመ።

በዚያው ሰሞን እኅቴ ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ የ15 ዓመት ልጇን ክረምቱን ከእኛ ጋር እንድታሳልፍ ልካት ነበር። ልጅቱ ቅጹን አይታ አንድ ማታ በቡና ላይ የራሷን ነገረችን። አሜሪካ ውስጥ ትምህርት ቤት ሲመዘገቡ ስለ ዘር የሚጠይቅ ሣጥን አለ፤ እሷ «ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ» በሚለው ላይ ምልክት ስታደርግ እናቷ «እኛ ከእነሱ ጋር አንድ አይደለንም፤ ሐበሻ ነን» ብላ አስፍቃታለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሲሞት እሷ የ10 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በቤታቸው የተደረገው ነገር ቴሌቪዥኑን ማጥፋት ብቻ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ወላጆች፣ ጥቁር አሜሪካውያኑ፣ ፖሊስ ያስቆማችሁ እንደሆነ እጃችሁን እንዲህ አድርጉ፣ እንዲህ ብላችሁ መልሱ እያሉ ልጆቻቸውን አስቀምጠው ሲመክሩ ለእሷ ግን ምንም የነገራት ሰው አልነበረም። «ፖሊሱ እኮ ሐበሻ መሆኔን ከፊቴ አያነብም» አለች፣ ሲኒውን በመዳፏ እያዞረች። እኔና እኅቴ ሐይቅ ላይ በአንድ ቤት አድገን፣ አንዳችን ደሴ አንዳችን ሜሪላንድ ሆነን፣ ለልጆቻችን ያንኑ አንድ ዝምታ እንዳወረስናቸው የገባኝ ያን ማታ ነው። የምክር ክፍሉን የጠቆመችን ልጇን ይዛ ሄዳ የነበረች ጎረቤታችን ናት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አማካሪዋ የጀመረችበት መንገድ ለእኔ የዚህ አገልግሎት ትልቁ ብልሃት ነው። ሥነ ልቦና የተማረች፣ ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ባለቤቴንና እኔን በአክብሮት፣ ልጆቹን ደግሞ እንደ ታላቅ እኅት ታናግራለች። «ብሔራችሁ ምንድን ነው?» ብላ አልጠየቀችም። ለእያንዳንዳችን ወረቀት ሰጥታ፣ በሕይወታችን ስለ ዘር መጀመሪያ የሰማነውን ቃል፣ የተናገረውን ሰውና የሰማንበትን ቦታ እንድንጽፍ ነው ያዘዘችን። ባለቤቴ አባቱ በልጅነቱ የተናገሩትን «ይሄ አይጠየቅም» የሚለውን ጻፈ። እኔ የጻፍኩት ባለቤቴ ለጋብቻ ሽማግሌ በላከብኝ ጊዜ አጎቴ ጓዳ ገብተው እናቴን «ለመሆኑ የልጁ አጥንት ከወዴት ነው?» ሲሉ የሰማሁትን ነው፤ ያን ቃል ከጻፍኩት በኋላ ለባለቤቴ በ20 ዓመት ትዳር ውስጥ ነግሬው እንደማላውቅ አስታወስኩ። የእኅቴ ልጅ «ቴሌቪዥኑን አጥፊው» ብላ ጻፈች። የልጄ ወረቀት ባዶ ነበር፤ አማካሪዋም ለምን ብላ አልጠየቀችውም፤ ባዶውን ወረቀት አጥፋ ከእኛ ጋር እኩል በፖስታ ውስጥ ጨመረችው።

ቀጥላም ነገሩን ለሚያጠኑ ሰዎች የታወቀውን አከፋፈል አስረዳችን። እ.ኤ.አ. በ2006 ዳያን ሂዩዝ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የብዙ ዓመታት ጥናቶችን ሰብስባ ስትመረምር ወላጆች ስለ ዘር ለልጆቻቸው የሚያስተላልፉትን መልእክት በአራት ከፍላዋለች። አንዱ የወገንን ታሪክ፣ ባህልና ክብር ማስተማር ነው። ሌላው ልጁን ለሚገጥመው አድልዎ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው። ሦስተኛው በሌላው ወገን ላይ ጥርጣሬን መዝራት ሲሆን፣ የቀረው ደግሞ ዘርን አውቆ አለማንሣት፣ ወይም «ሰው ሁሉ እኩል ነው» ብቻ ብሎ ማለፍ ነው። የወገናቸውን ታሪክ በበጎ እየሰሙ ያደጉ ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ ብሎ እንደሚገኝ፣ ጥርጣሬ ብቻ እየተጋቱ ያደጉት ግን በባሕርይም በትምህርትም እንደሚጎዱ በጥናት ታይቷል። ለአድልዎ ማዘጋጀት በመካከል ያለ ነገር ነው፦ «ይንቁሃል፣ ይጠሉሃል» ብሎ ብቻ የተወው ወላጅ ልጁን ያስፈራዋል፤ «ይህ ሲገጥምህ እንዲህ አድርግ፣ ለእኔም ንገረኝ» ያለው ግን ያጠነክረዋል።

አማካሪዋ «የእናንተ ቤት ከየትኛው ነው?» ስትለን ባለቤቴ በኩራት «ሰው ሁሉ እኩል ነው» የሚለውን አራተኛውን ጠቀሰ። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ኩራት ያውቀዋል፤ ከአንድ ማሕፀን ሙስሊምና ክርስቲያን ወጥቶ በአንድ ሠርግ የሚጨፍርበት፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በባቲ ገበያ የሚገናኝበት አገር ነው። ኩራቱ ውሸት አይደለም። አማካሪዋ የጠየቀችን ግን ልጁ ከዚህ ሁሉ የቱን ከእኛ አፍ እንደሰማ ነው። ስለ ባቲዋ አያቱ የልጅነት ዘመን ምን ያውቃል? የወረኢሉው አያቱ እንዴት ወደ ደሴ እንደመጡ ማን ነገረው? ስንፈትሸው ምንም አልነገርነውም ነበር። ዘር አይቆጠርም በሚል ሰበብ ታሪኩንም አብረን ዘግተንበታል።

ሕፃን ልጅ ይህን አያውቅም ለሚል ወላጅ ያቀረበችው ማስረጃ ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ልጥቀሰው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጥናት የሦስት ወር ሕፃናት የትኛውን ፊት ረዘም አድርገው እንደሚመለከቱ ለክቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ የነበሩት ሕፃናት የጥቁር ሰው ፊት ላይ ሲቆዩ፣ እስራኤል ያሉት ነጭ ሕፃናት ደግሞ የነጭ ሰው ፊት ላይ ቆይተዋል፤ እስራኤል ገብተው በስደተኛ መቀበያ ማዕከል የሚያድጉት፣ ሁለቱንም ዓይነት ፊት በየቀኑ የሚያዩት ቤተ እስራኤላውያን ሕፃናት ግን አላዳሉም። እንግዲህ ዓይን በሦስት ወሩ ለይቶ ያያል፤ ትርጉሙን የሚሰጠው በዙሪያው ያለው ሰው ነው። የእኅቴን ልጅ በይበልጥ የነካት ግን ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከቀለማቸው በቀር በሁሉ ነገር አንድ የሆኑ አሻንጉሊቶችን ለጥቁር ሕፃናት ያቀረቡበት ጥናት ነው። ከሕፃናቱ የሚበዙት ነጩን አሻንጉሊት «ጥሩው» ብለው መርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ ነው ብሎ ሲወስን ከተመለከታቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር። ልጅቱ ይህን በትምህርት ቤቷ ብትማረውም ከሐበሻ አክስቷ ጋር ተቀምጣ ሰምታው አታውቅም፤ ስትወጣ ክንዴን ይዛ ነበር።

ሁለተኛውን ቅዳሜ በክፍሉ ውስጥ ያሳለፍነው ግማሹን ብቻ ነው። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖት ሳለ፣ ጋቢያችንን ደርበን ወደ አይጠየፍ አዳራሽ ሄድን። የደሴ ሰው ሁሉ በአጠገቡ ያልፋል፤ ከልጁ ጋር ቆሞ የተነጋገረበት ግን ስንቱ እንደሆነ እንጃ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ነው፤ ስሙም ድኻና ጌታ፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ሳይጠያየፍ ይበላበት ከነበረው ግብር የመጣ መሆኑ ከአባቶች ሲነገር ኖሯል። አማካሪዋ በዚህ አልተወችውም። ንጉሡ መሐመድ አሊ ተብለው የተወለዱ ሙስሊም እንደነበሩ፣ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ አቅራቢያ ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና እንደተነሡ፣ ያ ዘመን በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ብዙ የወሎ ሙስሊም በግድ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ የተደረገበት፣ እምቢ ያለው የተሰደደበትና የተዋጋበት ዘመን እንደነበረ ለልጆቹ ነገረቻቸው። ልጄ «ታዲያ አብሮ መኖሩ ውሸት ነው ማለት ነው?» አላት። «አይደለም፤ ሰዎቹ ይህ ሁሉ ደርሶባቸው ነው ተመልሰው አንድ ገበታ ላይ የተቀመጡት» ብላ መለሰችለት። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ለወጣት ታሪክ ሳያሳምሩለትም ሳያስመርሩትም መንገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ስለማውቅ ይህችን መልስ ከልቤ አከብራታለሁ።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ልጄ ሳይጠየቅ ተናገረ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ሲቃረብ እኛም እንደ ብዙ ሰው ቤታችንን ዘግተን በከሚሴ በኩል ወደ አዲስ አበባ ወጥተን ነበር። በመንገድ ላይ አንድ ቦታ መኪናው እንዲቆም ተደርጎ መታወቂያ ተጠየቅን። አማቴ ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ ዱዓ ያደርጉ ነበር። እኔ ዞር ብዬ «እማማ፣ እባክዎ አሁን በኦሮምኛ አይናገሩ» አልኳቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረንም፤ መታወቂያችን ተመልሶልን አለፍን። እኔ ያን ቅጽበት በጭንቅ ቀን ከተደረጉ ብዙ ነገሮች አንዱ አድርጌ ረስቼዋለሁ። ልጄ የ14 ዓመት ልጅ ሆኖ ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ነበር።

«ያን ቀን የእማማ ቋንቋ ሰው የሚያስገድል ነገር ነው ብዬ ያዝኩት» አለ። «ከዚያ በኋላ ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ፣ እማማ ሲናገሩ እንዳይሰሙ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እጨምር ነበር።» ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔም ላስረዳው አፌን ስከፍት አማካሪዋ በእጇ አቆመችኝ፤ መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጁ ያለውን በራሴ አፍ ደግሜ እንድናገር አደረገችኝ። «የአያትህን አፍ ሳስይዝ አይተህ፣ ከዚያ ወዲህ አንተም በእሳቸው ስትፈራ ኖረሃል» አልኩት። ያን ያህል ቀላል ቃል ለማውጣት ያን ያህል ጊዜ ይፈጅብኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። በእነዚያ አራት ዓመታት ልጁ እንቅልፍ እየነሳው፣ ከሰው እየራቀ መሄዱን አይተን፣ የትምህርት ጫና ነው፣ የዕድሜ ነገር ነው ስንል ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ አማቴን ይዘን ሄድን። ደረጃው ገደል ነው፤ ሁለት ጊዜ አርፈው ወጡ። ልጄ ያለውን በራሱ አንደበት ነገራቸው። ብዙ አሰብ አድርገው «ልጄ፣ እኔ እኮ ዱዓዬን በሆዴ ጨርሼዋለሁ። አላህ ቋንቋ አይመርጥም። አንተ ግን ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ብቻህን ተሸከምከው?» አሉት። ወደ እኔም ዞረው «አንቺም አብሽሪ፤ ያኔ ፈርተሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሳይጠየቁ፣ በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር በግመል ነጋዴዎች መካከል ወደ ባቲ ሰኞ ገበያ ይወርዱ እንደነበር፣ ከአፋሮቹ ጋር በምን ቃል ይገበያዩ እንደነበር፣ የወረኢሉው ባላቸው ሊያጯቸው ሲመጡ በአስተርጓሚ እንደተነጋገሩ እየሳቁ ያወሩ ጀመር። ሰዓቱ አልፎ ሌላ ቤተሰብ በር ላይ እየጠበቀ እንኳ አማካሪዋ አላቋረጠቻቸውም።

ይህን ሁሉ ያየሁ ሰው ጉድለቱን ባልናገር አገልግሎቱን አልጠቅመውም። ከሁሉ በፊት ክፍሉ ምስጢር የሚጠብቅ አይደለም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ከታች የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ እኛ የእነሱን ከሰማን እነሱም የእኛን ይሰማሉ ማለት ነው። ስለ ብሔር የሚነገር ቃል በዚህ ዘመን ከክፍል መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ወላጅ በዚህ ምክንያት ብቻ ዝም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ልጆቹም ብቻቸውን ከአማካሪዋ ጋር የሚቀመጡበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ልጄ ለብቻው ቢጠየቅ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይናገር እንደነበር ኋላ ነግሮኛል።

ሦስት ቅዳሜ አይበቃም። አማካሪዋ ራሷ የጠቀሰችው፣ አድሪያና ኡማኛ ቴይለር የምትባል ተመራማሪ አሜሪካ ውስጥ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ያዘጋጀችው የማንነት ትምህርት ስምንት ሳምንት የሚፈጅ ነው፤ ከዓመት በኋላ ሲለካ ትምህርቱን የወሰዱት ወጣቶች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ከፍ፣ የድብርት ስሜታቸውም ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። እዚህ ግን ነገሩ በተከፈተ ማግስት መርሐ ግብሩ ያልቃል፤ ከወር በኋላ ደውሎ «እንዴት ሆናችሁ?» የሚል የለም። ለቤት ሥራ የሚሰጠው ወረቀትም በአማርኛ ብቻ ነው። እንደ አማቴ ያሉ፣ የቤተሰቡን ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚያውቁ ሰዎች አማርኛ ማንበብ የማይችሉ ናቸው፤ ባቲ፣ ከሚሴና አፋር አጠገብ ሆኖ በኦሮምኛና በአፋርኛ ወይም ቢያንስ በድምፅ የተቀዳ ነገር አለማዘጋጀት ያስተዛዝባል።

በጣም የከፋኝ ግን ስለ ቆዳ ቀለም በተነሣው ነገር ላይ ነው። የእኅቴ ልጅ እዚህ ከመጣች ጀምሮ ጎረቤት ሁሉ «ምነው ጠቁረሽ መጣሽ፣ ታመምሽ እንዴ?» እንደሚላት፣ ዘመድ ሲሰበሰብም ልጆቹን ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያለ እንደሚመድብ፣ ቀይዋንም በግልጽ «ቆንጆዋ» እንደሚል ተናገረች። አማካሪዋ ፈገግ ብላ «እሱ የእኛ ሰው አነጋገር ነው፤ ክፋት የለበትም» ብላ አለፈችው። ክፋትማ አለበት። ባርነት በአዋጅ ከተከለከለ፣ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ፣ ይህን ያህል ዘመን አልፎ «ባሪያ» የሚለው ቃል በጠቆረ ልጅ ላይ ዛሬም በየሰፈሩ ይወረወራል፤ ቆዳን የሚያነጣ ክሬም በየሱቁ የሚሸጠው ገዢ ስላለው ነው። ስለ አሜሪካ አሻንጉሊቶች እንዲያ ነፍስ የሚነካ ትምህርት የሰጠች ሴት በገዛ ቤታችን ያለውን ያንኑ ነገር ሲነገራት መስማት ነበረባት። በመጨረሻው ቀን ይህን በአክብሮት ነግሬያታለሁ፤ ተቀብላኝ በማስታወሻዋ ላይ ጽፋዋለች። የሚቀጥሉት ቤተሰቦች ለውጥ ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ከሁሉም ጋር ግን ሄዳችሁ እዩት እላለሁ፤ በተለይ የ13 ዓመትና ከዚያ በላይ ልጅ ያላችሁ፣ በትዳራችሁ ሁለት ቋንቋ ወይም ሁለት አገር ያለባችሁ፣ ወይም ውጭ አገር የሚያድግ የዘመድ ልጅ ለክረምት የምትቀበሉ። ልጄ አሁን ማታ ማታ አያቱ ቡና ሲወቅጡ አጠገባቸው ተቀምጦ «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ» እያለ በሙቀጫው ምት ይቆጥራል፤ እሳቸውም አነጋገሩን ያርሙታል። ቅጹን ሞልቶ አስገብቷል፤ በዚያች መስመር ላይ የጻፈውን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሱ ነውና። የእኅቴ ልጅም ሜሪላንድ ከተመለሰች በኋላ እናቷን አስቀምጣ ያን ፈተና የሆነባትን ነገር ሁሉ ነግራታለች። እኅቴ በዚያው ሌሊት ደውላልኝ ለሁለት ሰዓት ያህል አውርተናል፤ አጎታችን ጓዳ ገብተው የጠየቁትን እሷም ሰምታ ኖሯል።

ምዝገባው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአካል ነው። ከኮምቦልቻ የምትመጡ በክረምት የሐረጎ መንገድ በጉም ስለሚዘገይ ከ2፡00 ሰዓት በፊት ብትነሡ ይሻላል፤ መርሐ ግብሩ የሚጀምረው በ4፡00 ሰዓት ነው፣ ዘግይቶ ለመጣም አይጠበቅም። አያት ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ስትመዘገቡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ከደረጃው በታች ያለችውን ትንሽ ክፍል ከፍተው ወንበሮቹን ያወርዱላችኋል፤ ይህን ያወቅነው አማቴ ሁለት ጊዜ አርፈው ከወጡ በኋላ ነው።